ሱቁ ሲዘጋ ጥበቃው ለማን ቀረ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከእስላማዊ የቤተሰብ መጽሔት ጋር የማይገናኝ ሊመስል ይችላል። ይኸውም በእንግሊዝና በአሜሪካ ከተሞች ዋና ዋና የገበያ መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት ተከፍተው የኖሩት የቪዲዮ ጌም መደብሮች አንድ በአንድ የመዘጋታቸው ነገር ነው። «ነጋዴ ቢከስር ሌላው ያተርፋል፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ጉዳዩ በጣም የሚያገባን ሆኖ አግኝተነዋል። ምክንያቱም ሱቁ ሲዘጋ ጨዋታው አልቆመም። ጨዋታው በር ለውጦ ወደ ቤታችን፣ ወደ ልጆቻችን መኝታ ክፍልና ወደ መዳፋቸው ገብቷል። ቀድሞ በሱቁ ባንኮኒ ላይ ይደረግ የነበረው ጥበቃ ግን አብሮ አልገባም። በለንደን፣ በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታም ሆነ በዐረብ አገሮች ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን፣ እንዲሁም እዚህ አገር ቤት ያለን ወላጆች ሁሉ ነገሩን ቆም ብለን ልናየው ይገባል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መደብሮቹ እንዴት ተነሡ? እንዴትስ ወደቁ?

በአሜሪካ ጌምስቶፕ በመባል የሚታወቀው ድርጅት መነሻው በ1984 በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ «ባቤጅስ» በሚል ስም የተከፈተ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መሸጫ ነበር። በ2005 ተፎካካሪው የነበረውን ኢቢ ጌምስን ጠቅልሎ ገዛ፤ በ2010ዎቹ አጋማሽም በልዩ ልዩ አገሮች ከ7,000 በላይ መደብሮች ነበሩት። በእንግሊዝ ደግሞ ጌም የተባለው ድርጅት በ2007 ጌምስቴሽን የተባለውን ተፎካካሪውን በ74 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ በ2012 መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ ምድር ብቻ ከ600 በላይ መደብሮችን ያስተዳድር ነበር።

የንግዱ ምሥጢር አዲሱ ጨዋታ አልነበረም። ከአዲስ ዲስክ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው። ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ካገለገለው ነበር። ልጁ ጨዋታውን ጨርሶ ሲሰለቸው ዲስኩን ወደ ሱቁ ይመልሳል፤ ሱቁ በርካሽ ይገዛዋል፤ አጽድቶ፣ ዋጋ ለጥፎ ለሌላ ልጅ ይሸጠዋል። ጌምስቶፕ ካገለገለ ዕቃ ሽያጭ ያገኝ የነበረው ጥቅል ትርፍ ከሽያጩ ዋጋ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነበር። ድሃው ልጅም በዚህ መንገድ ሁለት አሮጌ ሰጥቶ አንድ ሻል ያለ ይወስድ ነበር።

ውድቀቱ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በመጀመሪያ እንደ ቴስኮ ያሉት ትላልቅ ሱፐርማርኬቶችና በፖስታ የሚልኩት የኢንተርኔት ነጋዴዎች ዋጋውን ሰበሩት። ቀጥሎም ጨዋታን ያለ ዲስክ በኢንተርኔት ማውረድ ተጀመረ። ስቲም የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ መሸጫ በ2003 ተከፈተ፤ በሐምሌ 2008 ደግሞ አፕል የስልክ ፕሮግራሞች መሸጫውን ከፈተ። በመጨረሻም በኅዳር 2020 ከወጡት አዳዲስ የመጫወቻ መሣሪያዎች መካከል ዲስክ ማስገቢያ ቀዳዳ ጭራሽ የሌላቸው ተገኙ፤ ከፕሌይስቴሽን 5 አንደኛው ዓይነትና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የተባለው ማለታችን ነው። ይህን መሣሪያ የገዛ ሰው ከዚያ በኋላ ከሱቁ የሚገዛው ዲስክ የለም፤ ለሱቁ የሚመልሰውም የለም። የሱቁ የትርፍ ምንጭ ከሥሩ ደረቀ ማለት ነው።

በእንግሊዙ ጌም ላይ የደረሰውን እንመልከት። በ2012 መጀመሪያ ላይ እንደ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ያሉ አምራቾች አዳዲስ ጨዋታዎቻቸውን ለድርጅቱ አናቀርብም አሉ። ነጋዴ ዕቃ ካጣ ምን ይሸጣል? መጋቢት 26 ቀን 2012 ድርጅቱ በኪሣራ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ፤ ወዲያውኑ 277 መደብሮች ተዘጉ፤ 2,000 ያህል ሠራተኞችም ከሥራ ወጡ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ወጣቶች እንደሚሆኑ መገመት አያስቸግርም። የቀሩት 333 መደብሮች ለአዲስ ባለቤት ተሸጡ። በ2019 ስፖርትስ ዳይሬክት የተባለው የስፖርት ልብስ ነጋዴ ድርጅቱን ገዛው፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ መደብሮች በስፖርት ልብስ መሸጫ ውስጥ ጥግ ይዘው የሚሸጡ ሆኑ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ያገለገለ ጨዋታ መቀበልም ቆመ።

ጌምስቶፕም በ2023 ከአየርላንድ፣ ከስዊዘርላንድና ከኦስትሪያ ወጣ። በየካቲት 2025 መጀመሪያ ላይ በዓለም ዙሪያ የቀሩት መደብሮች 3,203 ሲሆኑ ከእነዚህ 2,325 በአሜሪካ የነበሩ ናቸው። የሚያስገርመው በጥር 2021 የዚሁ የሚያሽቆለቁል ድርጅት አክሲዮን በዓመቱ መጀመሪያ ከ20 ዶላር በታች ሲሸጥ ቆይቶ በወሩ መጨረሻ በአንድ ቀን ውስጥ 483 ዶላር ድረስ መውጣቱ ነው። ሱቁ አንድ ተጨማሪ ዲስክ ስለሸጠ አልነበረም። ድርጅቱ ይወድቃል ብለው የተወራረዱ ትልልቅ ገንዘብ ያላቸውና በኢንተርኔት የተሰባሰቡ ብዙ ትንንሽ ገዢዎች ተያይዘው ነው። ብዙ ወጣቶችም ዋጋው ጫፍ ላይ ሳለ ገብተው ገንዘባቸውን አጥተዋል። ንግድ ከዕቃና ከአገልግሎት ሲለይ ወዴት እንደሚያመራ ይህ አንድ ምሳሌ ነው።

ባንኮኒው ምን ይሠራ ነበር?

እነዚህን መደብሮች ለማወደስ አልተነሣንም። በመስታወታቸው ላይ የሚለጥፉት የደምና የእርቃን ሥዕል ብዙ ነበር፤ ከልጅ እጅ በርካሽ ገዝተው በውድ መሸጣቸውም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሱቅ በመሆናቸው ብቻ ሦስት ነገሮችን ያስጠብቁ ነበር።

አንደኛው ዕድሜ ነው። በአውሮፓ ፔጂ የተባለው የጨዋታዎች የዕድሜ ደረጃ ከ2003 ጀምሮ በማሸጊያው ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ያስቀምጣል። በእንግሊዝ ከሐምሌ 30 ቀን 2012 ጀምሮ 12፣ 16 ወይም 18 ተብሎ የተጻፈበትን ጨዋታ ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ መሸጥ በሕግ የሚያስቀጣ ሆኗል። በመሆኑም ሻጩ የልጁን ፊት አይቶ «መታወቂያህን አሳየኝ» ይላል። አባት አብሮ ካለ ደግሞ «ይህ እኮ ለዐሥራ ስምንት ዓመት ነው፤ ያውቁታል?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ እስልምናን አያውቅም፤ የኛን ልጅ የማሳደግ ግዴታም የለበትም። ሕጉን ፈርቶ ግን ከልጃችንና ከዚያ ዲስክ መካከል ይቆም ነበር።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። ዋጋው በማሸጊያው ላይ ተለጥፏል። ይህን ያህል ፓውንድ ከሆነ ይህን ያህል ከፍለህ ትወጣለህ፤ ቤት ከገባህ በኋላ ሻጩ ተከትሎህ መጥቶ «ለዚህ ሰይፍ ሌላ አምስት ፓውንድ ጨምር» አይልህም።

ሦስተኛው የወላጅ መኖር ነው። ገንዘቡ ከአባት ወይም ከእናት ኪስ ስለሚወጣ ልጁ ፈለገም አልፈለገም ወላጁን ማስፈቀድ ነበረበት። «ምንድን ነው ይሄ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ያስረዳል። ይህች አጭር ውይይት በራሷ ተርቢያ ነበረች።

በአገራችንም ቢሆን መልኩ ይለያይ እንጂ ተመሳሳይ ነገር አለ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሰፈሮች የምናውቃቸው ፕሌይስቴሽን ቤቶች በየጨዋታው እየተከፈለ የሚገባባቸው ናቸው። ወላጆች ስለ እነዚህ ቤቶች ያላቸው ቅሬታ ብዙ ነው፤ ቅሬታውም ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆች ከመድረሳ ይቀሩባቸዋል፤ በአንዳንዶቹም የተሸነፈው የሁለቱንም ሒሳብ ይክፈል የሚባለው ልማድ ወደ ቁማር የሚያስጠጋ ነው። ቢሆንም ባለ ቤቱ የሰፈር ሰው ነው። እናት በር ላይ ቆማ ልጇን ትጠራዋለች፤ አባት ለባለ ቤቱ «ልጄን በትምህርት ሰዓት እንዳታስገባብኝ» ይለዋል። ጨዋታው ወደ ስልክ ከገባ በኋላ ግን እናት በየትኛው በር ላይ ቆማ ትጣራ?

የመጀመሪያዋ ውሸት

አሁን በኢንተርኔት በሚወርደው ጨዋታ ላይ የሚሆነውን እናስተውል። ልጁ መሣሪያውን ሲከፍት «የተወለድክበትን ዓመት ጻፍ» ይባላል። የዐሥር ዓመት ልጅ 1990 ብሎ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ በሩ ይከፈትለታል። ፊቱን የሚያይ፣ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው የለም።

በውጭ አገር በሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ቤት ነገሩ ይብስበታል። የአገሩን ቋንቋና የመሣሪያውን ነገር ከወላጁ ይበልጥ የሚያውቀው ልጁ ነው። አባት የሌሊት ሥራ ሠርቶ ደክሞት ሲገባ ልጁ «አባዬ፣ እዚህ ላይ ካርድህን አስገባልኝ፤ ነፃ ነው» ይለዋል። የአባትን የባንክ ካርድ ቁጥር የሚያስገባው፣ የይለፍ ቃሉን የሚያወጣው፣ የስምምነቱን ጽሑፍ «ተስማምቻለሁ» ብሎ የሚያልፈው ልጁ ነው። ጠባቂና ተጠባቂ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

እኛን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ገንዘቡ አይደለም። ልጁ ዕድሜውን ዋሽቶ በር ሲከፈትለት ምን ተማረ? ውሸት ቁልፍ መሆኑን ተማረ። ወላጁም አጠገቡ ቆሞ «ግድ የለም፣ ትልቅ ቁጥር ጻፍ» ካለው ትምህርቱ በወላጅ ማኅተም ጸደቀ። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት እንኳ «አል አሚን» ተብለው ይጠሩ እንደነበር ለልጆቻችን እናስተምራለን። በዚያው ቀን ማታ በአንድ ጨዋታ ምክንያት ሐሰት ብናስጽፋቸው የቀኑን ትምህርት በገዛ እጃችን አፈረስነው።

«ገዛሁት» ያልነው የማን ነው?

በሸሪዓ ሽያጭ የታወቁ መስፈርቶች አሉት። ዕቃው የታወቀ፣ ዋጋው የታወቀ፣ ሻጩ ሊያስረክብ የሚችለው፣ ሁለቱ ወገኖችም ወደው የተስማሙበት መሆን አለበት። ገረር፣ ማለትም ማንነቱና መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ያለበትን ሽያጭ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል። ዲስኩ በእጃችን ሳለ ነገሩ ግልጽ ነበር። ዕቃው የኛ ነው፤ እንሸጠዋለን፣ ለወንድም እናወርሰዋለን፣ ለጎረቤት ልጅ እናውሰዋለን።

በኢንተርኔት የሚወርደው ግን በአብዛኛው የምንጠቀምበት ፈቃድ እንጂ ንብረታችን አይደለም። ይህን የሚለው እኛ ብቻ አይደለንም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ፣ ሻጩ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን ለገዢው በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ተከልክሏል። ኔንቲዶ ዊ ዩ እና 3ዲኤስ ለተባሉት መሣሪያዎቹ የነበረውን የኢንተርኔት ሱቅ ለአዲስ ገዢ መጋቢት 27 ቀን 2023 ዘጋ። ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን በ2014 ያወጣውን የመኪና ጨዋታ ማዕከላዊ ኮምፒዩተሮቹን መጋቢት 31 ቀን 2024 ሲያጠፋ፣ ጨዋታውን በዲስክ የገዙት እንኳ መጫወት አልቻሉም። ስለዚህ ዲስክም ቢሆን ሁልጊዜ ሙሉ ዋስትና አይደለም።

ፈቃድ መግዛት ሐራም ነው እያልን አይደለም፤ ቤት እንደመከራየት ቆጥሮ አውቆ የሚከፍል ሰው አለ። ብይኑን ለዑለሞች እንተዋለን። የኛ ማሳሰቢያ፣ የከፈልንበትን ነገር ምንነት ሳናውቅ ገንዘባችን እንዳይወጣ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ስለ ገንዘባችን ከየት እንዳመጣነው ብቻ ሳይሆን በምን ላይ እንዳዋልነውም ይጠይቀናል።

አዲሱ ነጋዴ

ከሁሉ የከፋው በር ላይ ዋጋ የሌለው ጨዋታ ነው። በ2017 ከወጣው ፎርትናይት ጀምሮ ብዙ ታዋቂ ጨዋታዎች በነፃ ይገቡባቸዋል፤ ገንዘቡ የሚለቀመው ውስጥ ነው። በልብስ፣ በቀለም፣ በጭፈራ ስም ጥቂት በጥቂት ይከፈላል። ዋጋው በፓውንድ ወይም በዶላር አይጻፍም፤ ለጨዋታው በተፈጠረ የሐሰት ሳንቲም ነው። ይህም ልጁ ምን ያህል እንዳወጣ ሒሳቡ እንዳይያዝለት ያደርጋል።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2022 የፎርትናይት ባለቤት የሆነው ኤፒክ ጌምስ በጠቅላላው 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል መስማማቱን አስታውቋል። ከዚህ 275 ሚሊዮኑ የሕፃናትን የግል መረጃ የሚጠብቀውን ሕግ በመጣስ የቀረበበት ክስ ቅጣት ሲሆን፣ 245 ሚሊዮኑ ደግሞ ሳያስቡት ለተከፈላቸው ሰዎች የሚመለስ ነው። ከቀረቡት ክሶች አንዱ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በወላጅ ካርድ እንዲገዙ መንገድ ከፍቷል የሚል ነበር። አስተውሉ፤ በሱቁ ዘመን አንድ ልጅ የአባቱን ካርድ ይዞ ገብቶ በቀን ሃያ ጊዜ ቢገዛ ሻጩ ፖሊስ በጠራ ነበር።

ሌላው ውስጡ የማይታይ የዕድል ሳጥን ነው። ልጁ ገንዘብ ከፍሎ ሳጥኑን ይከፍታል፤ ምን እንደሚወጣለት አያውቅም። ብርቅ ነገር ይወጣ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የማይረባ ይወጣና «እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ» ይላል። ቤልጅየም በ2018 በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን ከቁማር ሕጓ ጋር የሚጋጩ ብላቸዋለች። አንድ የአውሮፓ መንግሥት ቁማር ያለውን ነገር፣ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አያይዞ የከለከለ ቁርአን ያለን እኛ በልጃችን እጅ ላይ አይተን ዝም ልንል አይገባም።

ወላጆች ምን እናድርግ?

ጨዋታን ሁሉ ጠቅልሎ መከልከል ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ የተከለከለው ልጅ ግን ጓደኛው ቤት ሄዶ ይጫወታል። ዑለሞች ስለ ጨዋታ ሲያስተምሩ የሚያነሷቸው ሚዛኖች የታወቁ ናቸው። ከሶላትና ከግዴታ እንዳያዘናጋ፣ ቁማር እንዳይኖርበት፣ እርቃንና ብልግና ወይም በእምነት ላይ የሚያላግጥ እንዳይሆን፣ ገንዘብና ጊዜን እንዳያባክን ነው። በዚህ ሚዛን ለክቶ የሚፈቀደውን መፍቀድ፣ የማይፈቀደውንም ከነምክንያቱ መከልከል ይሻላል። የተዘጋውን ባንኮኒ በቤታችን እናቁመው ስንል የሚከተለውን ማለታችን ነው።

በመጀመሪያ፣ የልጁ ስም የተመዘገበበት ገጽ በልጅነቱ፣ በትክክለኛው የልደት ቀኑ ይከፈት። ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስና ኔንቲዶ ሁሉም ለወላጅ የተለየ መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ዕድሜ፣ ሰዓትና ወጪ ይወሰንበታል። ቋንቋው ካስቸገረን ከመስጂዳችን አንድ የሚያውቅ ወጣት ወይም ኡስታዝ እንጠይቅ፤ ልጁን ራሱን ግን የገዛ ቁልፉ ሠሪ አናድርገው።

ሁለተኛ፣ የባንክ ካርዳችን ቁጥር በመሣሪያው ውስጥ ተቀምጦ አይደር። እያንዳንዱ ግዢ ወላጅ ባለበት፣ ወላጅ ብቻ በሚያውቀው ቁጥር ይፈጸም። ቁርአን የየቲሞችን ገንዘብ ማስተዋላቸው ተፈትኖ ሳይታወቅ እንዳናስረክባቸው ያዛል፤ የየቲሙ ገንዘብ የራሱ ሆኖ ሳለ ይህ ከታዘዘ፣ የኛን ገንዘብ ላልደረሰ ልጅ ያለ ገደብ መልቀቅ እንዴት ይሆናል?

ሦስተኛ፣ ልጁ ጨዋታ ሲጠይቅ የሱቁን ጥያቄ እንጠይቀው። የዕድሜው ቁጥር ስንት ነው? ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ውስጥ ገብተህ ሌላ የምትከፍለው አለ? ሲሰለችህ ለወንድምህ ልታወርሰው ትችላለህ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች መመለስ የለመደ ልጅ ሲያድግ የሚፈርመውን ውል አንብቦ የሚፈርም ሰው ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።

አራተኛ፣ መሣሪያው ከመኝታ ክፍል ወጥቶ ሳሎን ይቀመጥ፤ አዛን ሲሰማም ይጥፋ። አባትም አንዳንድ ጊዜ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይጫወት። የማያውቀውን ነገር የሚቆጣ አባት አይሰማም፤ አይቶ የሚናገር ግን ይደመጣል።

ለወጣቶች አንድ ቃል

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ሁሉ በእናንተ ላይ የተጻፈ ክስ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ንግድ ውስጥ የተታለላችሁት እናንተ ናችሁ። ጊዜያችሁን፣ ስማችሁንና የወላጆቻችሁን ላብ የሚፈልግ ነጋዴ በነፃ ግቡ ሲላችሁ «ታዲያ አንተ የምትኖረው በምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መሣሪያውን ከወላጆቻችሁ ይበልጥ የምታውቁ ከሆነ እውቀታችሁ አማና ነው። ትንሽ ወንድማችሁ የማይገባውን ሲከፍት ስታዩ፣ ሱቁ ውስጥ ይቆም የነበረው ሻጭ እንኳ «ይህ ላንተ አይሆንም» ይል እንደነበር አስታውሱ። እናንተ ደግሞ ከሻጩ ይበልጥ ትቀርቡታላችሁ።

መደብሮቹ ተመልሰው እንደ ቀድሞው ይከፈታሉ ብለን አንጠብቅም። ሕግ ፈርቶ ከልጃችን ፊት ይቆም የነበረው ሰው ሄዷል፤ ቦታው ለኛ ቀርቷል። አላህን ፈርተን በቦታው እንቁም።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ ገንዘባችንን በሐላል ያግራልን፤ የተሰጠንን አደራ በሚገባ የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።